የከባድ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ ፖምፓ፦ ተለዋጭ ሲመረጥና ሲገጠም ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከዚህ ጭነት ትልቁን ድርሻ የሚያጓጉዙት በናፍጣ የሚሠሩ ከባድ ተሽከርካሪዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚህ ርቀት ላይ አንድ ተሽከርካሪ በነዳጅ ፖምፓ ብልሽት ምክንያት ሲቆም ጭነቱ ይዘገያል፣ ባለንብረቱ የሥራ ቀናት ያጣል፣ አሽከርካሪውና ረዳቱም ጥላ በሌለበት በረሃ ወይም ጠባብ በሆነ ዳገት ላይ ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ፖምፓው ሲበላሽ ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከተሽከርካሪው አምራች በቀጥታ የመጣ ዕቃ ሳይሆን በሌላ ፋብሪካ የተመረተ ተለዋጭ ነው። ተለዋጭ ዕቃ መጠቀም በራሱ ስሕተት አይደለም። ችግር የሚፈጠረው ለሞተሩ የማይስማማው ሲመረጥ፣ ሐሰተኛው ከትክክለኛው ሳይለይ ሲገዛ ወይም ትክክለኛው ዕቃ በተሳሳተ መንገድ ሲገጠም ነው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶች፣ አሽከርካሪዎችና የጋራዥ ባለሙያዎች ከግዢ በፊት፣ በገጠማ ወቅትና ከገጠማ በኋላ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

የነዳጅ ፖምፓ ሲባል የትኛው ነው?

በናፍጣ ሞተር ላይ ሥራቸው የተለያየ ሁለት ፖምፓዎች አሉ። የመጀመሪያው አቀባይ ፖምፓ ሲሆን፣ ተግባሩ ናፍጣውን ከሰልባትዮ ስቦ በፊልትሮ በኩል ወደ ሞተሩ ማድረስ ነው። ሁለተኛው የኢንጀክሽን ፖምፓ ወይም ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ነው። ይህኛው የደረሰውን ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሎች ይገፋል። በመስመር የተደረደሩ ቡጢዎች ባሉት የቆየ የኢንጀክሽን ፖምፓ የሚሠሩ ሞተሮች በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ባር የሚደርስ የአቅርቦት ግፊት ይበቃቸዋል። ኮመን ሬይል በተባለው አዲሱ ሥርዓት ግን ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ከ1 ሺህ 600 ባር በላይ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ የአቅርቦት ግፊቱም ሆነ የናፍጣው ንጽሕና ከቆዩት ሞተሮች የበለጠ ጥብቅ መለኪያ ይጠይቃል።

አቀባይ ፖምፓው በሜካኒካል ኃይል ወይም በኤሌክትሪክ ሊሠራ ይችላል። በሜካኒካል የሚሠራው በሞተሩ ወይም በኢንጀክሽን ፖምፓው ካም እየተገፋ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲቆም እርሱም ይቆማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግን መብራት እስካገኘ ድረስ መግፋቱን አያቋርጥም። ይህ ልዩነት ለደኅንነት ምን ትርጉም እንዳለው ከዚህ በታች ይብራራል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ትኩረትም በአቀባይ ፖምፓ ላይ ነው።

ከግዢ በፊት፦ ጥፋቱ የፖምፓው መሆኑን ማረጋገጥ

ጭነት ሲከብድ ጉልበት መጥፋት፣ በዳገት ላይ ማነቅ፣ ካደረ በኋላ ለመነሣት መቸገርና ያለ ምክንያት መጥፋት የፖምፓ ድካም ምልክቶች ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ምልክቶች ከሌላም ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ። በቆሻሻ የተደፈነ ፊልትሮ፣ በሰልባትዮ ውስጥ ያለ የታፈነ ወንፊት፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ የተደፈነ የሰልባትዮ መተንፈሻ፣ በውኃ መለያው የተጠራቀመ ውኃ ወይም የደከመ የመልስ ቫልቭ ሁሉም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራሉ። ስለዚህ ፖምፓ ከመግዛት በፊት ምርመራው ከቀላሉና ከርካሹ ተነሥቶ በቅደም ተከተል መከናወን ይኖርበታል።

በቅድሚያ ውኃው ይደፋል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ የሰልባትዮው ክዳን ተከፍቶ መተንፈሻው ይታያል። ክዳኑ ሲከፈት አየር ሲሳብ የሚሰማ ድምፅ ካለና ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጉልበቱን ካገኘ ችግሩ የመተንፈሻው ነው። ቀጥሎ በፖምፓው መግቢያ ላይ አጭር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ተገጥሞ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ መኖር አለመኖሩ ይታያል። አረፋ ከታየ ፖምፓው ከመወቀሱ በፊት ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ማያያዣ ሁሉ መፈተሽ አለበት።

ሌላው አስተማማኝ መንገድ በጋራዥ ውስጥ ንጹሕ ናፍጣ በያዘ አነስተኛ ዕቃና በአጭር ቱቦ ፖምፓውን በቀጥታ መመገብ ነው። ሞተሩ በዚህ ሁኔታ በደንብ ከሠራ ፖምፓው ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ከሰልባትዮው ወይም ከመስመሩ ወገን ነው። ለውጥ ካልታየ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ንባቡ በአምራቹ መመሪያ ላይ ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። በዝግታ ዙር ብቻ የተወሰደ ልኬት በቂ አይደለም፤ የደከመ ፖምፓ ድካሙን የሚያሳየው ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት ጊዜ ነው።

የሞተር ዘይት መጠን መፈተሽም መዘንጋት የለበትም። በሞተሩ ላይ የተገጠመ ሜካኒካል ፖምፓ ውስጣዊ ማሸጊያው ሲቀደድ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። ዘይት ሳይጨመር ደረጃው ከፍ ካለ፣ ከቀጠነና የናፍጣ ሽታ ካለው ተሽከርካሪው ወዲያውኑ መቆም አለበት። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናዎችን ስለማይከላከል የጥቂት ሰዓታት ጉዞ ሞተሩን እስከ ሙሉ እድሳት ሊያደርሰው ይችላል።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር የሚጨምረው ጫና

አቀባይ ፖምፓ ናፍጣን የሚስበው በከባቢ አየር ግፊት ረዳትነት ነው። ፖምፓው በመግቢያው በኩል ግፊቱን ዝቅ ሲያደርግ በሰልባትዮው ላይ ያረፈው የአየር ግፊት ናፍጣውን ወደ ፖምፓው ይገፋዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይህ ግፊት ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በአፋር ቆላ ላይ ያለ ችግር የሠራ የደከመ ፖምፓ ወደ ደጋው ሲወጣ ማነቅ ይጀምራል። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያቋርጥ ጭነት ተሽከርካሪ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ስለሚወጣ፣ ፖምፓው ከፍተኛ አቅርቦት የሚጠየቀው በመሳብ አቅሙ እየቀነሰ በሚሄድበት አቀበት ላይ ነው።

ይህ እውነታ ለምርጫም ለምርመራም ይጠቅማል። በቆላ ተፈትኖ «ደኅና ነው» የተባለ ፖምፓ በደጋ ላይ በቂ ላይሆን ይችላል። እንዲሁም ረጅም፣ ጠባብ ወይም የታጠፈ የመሳቢያ ቱቦ በዝቅተኛ ቦታ የማይታወቅ ጉድለቱን በከፍታ ላይ ያጋልጣል።

ተለዋጩ ሲመረጥ

እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይገለጻሉ። እነዚህ ቃላት ግን በቂ መረጃ አይሰጡም። በተግባር በገበያው ላይ አራት ዓይነት ዕቃ ይገኛል። አንደኛው በተሽከርካሪው አምራች ስም የታሸገ ዕቃ ነው። ሁለተኛው በራሱ ስምና ኃላፊነት የሚያመርት ሌላ ፋብሪካ ያቀረበው ተለዋጭ ነው። ሦስተኛው ያገለገለ ወይም ታድሶ የቀረበ ዕቃ ነው። አራተኛው የሌላውን ስምና ምልክት ሰርቆ የሚሸጥ ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ሕጋዊና በአግባቡ ከተመረጠ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል፤ አራተኛው ግን በማንኛውም ዋጋ ቢቀርብ ኪሳራ ነው።

ትክክለኛውን ዕቃ ለማግኘት በቅድሚያ መያዝ ያለበት የተሽከርካሪው ሞዴል ስም ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት መጠሪያ ያለው ተሽከርካሪ በተለያዩ ዓመታት የተለያየ ሞተር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የሞተር ቁጥሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩና በአሮጌው ፖምፓ አካል ላይ የተቀረጸው የክፍል ቁጥር ተመዝግቦ መቅረብ ይኖርበታል። የሚቻል ከሆነ አሮጌው ፖምፓ ራሱ ወደ መደብሩ ተወስዶ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። የመቀመጫው ቅርጽ፣ የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት፣ የካም ገፊው ርዝመት፣ የመግቢያና የመውጫ አቅጣጫ እንዲሁም የማያያዣዎቹ ጥርስ መመሳሰል አለባቸው። «ጥቂት ቢሞረድ ይገባል» የሚባል ፖምፓ ለዚያ ሞተር የተሠራ አይደለም።

የማቅረብ አቅም በግምት ሊሰላ ይችላል። ለአብነት 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ኃይሉ 273 ኪሎ ዋት ያህል ነው። የናፍጣ ሞተር በሙሉ ጭነት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 200 ግራም ገደማ ናፍጣ ያቃጥላል ቢባል፣ በሰዓት 55 ኪሎ ግራም ወይም 65 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ይህ በደቂቃ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ነገር ግን ፖምፓው ይህን ብቻ አቅርቦ አይበቃውም። ትርፉ ናፍጣ የኢንጀክሽን ፖምፓውን እያቀዘቀዘና አየር እያስወጣ ወደ ሰልባትዮ ስለሚመለስ፣ አቅርቦቱ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። ትክክለኛው አኃዝ የሚገኘው በሞተሩ መመሪያ ላይ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ከታዘዘው በላይ ግፊት ያለው ፖምፓ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። አቀባይ ፖምፓ የሞተሩን ጉልበት አይጨምርም፤ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን የናፍጣ መጠን የሚወስነው የኢንጀክሽን ሥርዓቱ ነው። ከመጠን ያለፈ የአቅርቦት ግፊት የኢንጀክሽን ፖምፓውን ዘንግ ማሸጊያ ገፍቶ ናፍጣን ወደ ሞተር ዘይት ሊያስገባ ይችላል።

ሜካኒካሉን በኤሌክትሪክ ለመተካት የሚያስብ ባለንብረት ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ አለበት። የመጀመሪያው ቮልቴጁ ነው፤ አብዛኞቹ ከባድ ተሽከርካሪዎች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ለ12 ቮልት የተሠራ ፖምፓ ይቃጠላል። ሁለተኛው ፖምፓው ለናፍጣ የተሠራና ያለማቋረጥ ለረጅም ሰዓት መሥራት የሚችል መሆኑ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውም የሚቆምበት መንገድ መዘጋጀቱ ነው። በግጭት ወይም በቱቦ መበጠስ ሞተሩ ጠፍቶ የኤሌክትሪክ ፖምፓው ከቀጠለ ናፍጣው በጋለ የጭስ መውጫ ወይም ቱርቦ ላይ መፍሰሱን አያቆምም። ስለዚህ መስመሩ ተገቢ ፊውዝ፣ ሪሌይና ከሞተር ዘይት ግፊት ጋር የተያያዘ መቁረጫ ሊኖረው ይገባል። ሞተሩ ለሜካኒካል ፖምፓ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ በዚያው ዓይነት መተካት ቀላሉና አስተማማኙ ምርጫ ነው።

ሐሰተኛ ዕቃን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶችም አሉ። የክፍል ቁጥሩ በአካሉ ላይ አለመኖሩ ወይም ከማሸጊያው ጋር አለመመሳሰሉ፣ በማሸጊያው ላይ የሚታይ የፊደል ስሕተት፣ የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎች ያለ መክደኛ መቅረባቸው፣ ሸካራ የሆነ የመቀመጫ ፊትና ከተለመደው እጅግ ያነሰ ዋጋ ጥርጣሬ ሊያሳድሩ ይገባል።

በገጠማ ወቅት

ሥራው ብቃት ባለው ባለሙያና በጋራዥ ውስጥ መከናወን ይኖርበታል። ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ይቆማል፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ የባትሪው መስመር ይነቀላል። የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይቀመጣል፣ የሚያጨስ ሰው አይኖርም። ፖምፓው ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ በሥራው ወቅት የሚገባ የአሸዋ ቅንጣት አዲሱን ፖምፓና ኖዝሎቹን ይፈጃል። ቱቦዎቹ ሲፈቱ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ አፋቸውም በንጹሕ መክደኛ ይዘጋል።

ከአሮጌው ፖምፓ ጋር አሮጌው ጓርኒሲዮን ሙሉ በሙሉ ይነሣል። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ገፊው ከካሙ ጋር ያለውን ርቀት ስለሚለውጥ የፖምፓውን አቅርቦት ይቀንሳል። በካም የሚገፋ ፖምፓ ከመቀመጡ በፊት ሞተሩ በእጅ ተዙሮ ካሙ በዝቅተኛ ጎኑ እንዲቆም ይደረጋል። ይህ ካልተደረገ ፖምፓው በስፕሪንግ ኃይል ተገፍቶ ስለሚቀመጥ ብሎኖቹ ጠማማ ይጠብቃሉ፣ አካሉም ሊሰነጠቅ ይችላል። ብሎኖቹ እየተፈራረቁ በአምራቹ በታዘዘው መጠን ይጠብቃሉ። የመዳብ ሮንዴላዎችም በአዲስ ይተካሉ።

ፖምፓው ሲቀየር ፊልትሮው አብሮ ሊቀየርና የሰልባትዮው ወንፊት ሊታጠብ ይገባል። ያረጀ ፖምፓ የብረት ብናኝ ለቆ ከሆነ መስመሩ ሳይጸዳ አዲስ መግጠም ወጪውን መድገም ነው። አዲስ ፊልትሮ ሲገባ ያልተጣራ ናፍጣ ከላይ መሙላት በተለይ ለኮመን ሬይል አይፈቀድም፤ በእጅ ፖምፓ ተስቦ በፊልትሮው ተጣርቶ እንዲሞላ ይደረጋል።

አየር ማስወጣት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ደረጃ ነው። በመጀመሪያ በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ተደርጎ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ይመታል፤ ከዚያም ሥርዓቱ በሚፈቅድበት ሞተር በኢንጀክሽን ፖምፓው ላይ ይደገማል። አየሩ ሳይወጣ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መምታት ባትሪውን ከማድከሙም በላይ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓውን በደረቁ ያሠራዋል። ይህ ፖምፓ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ስለሆነ ያለ ናፍጣ ሲዞር ይፋጫል።

በኮመን ሬይል ሞተር ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ከፍተኛ ግፊት መስመርን ማላላት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዚህ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ናፍጣ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም እጅን እስከ ማሳጣት ስለሚደርስ ተጎጂው ሕመም ባይሰማው እንኳ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ፍሳሽ የሚፈተሸው በባዶ እጅ ሳይሆን በካርቶን ቁራጭ ነው።

ከገጠማ በኋላ

ሞተሩ ሲነሣ ማያያዣዎቹ ሁሉ በብርሃን ይፈተሻሉ፤ ግፊቱ በዝግታ ዙርና በከፍተኛ ዙር ተለክቶ ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ወደፊት ፖምፓው ሲደክም ለማነጻጸር ይጠቅማል። ተሽከርካሪው ረጅም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያ ባለ ዳገት ሊሞከር ይገባል። ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ የብሎኖቹ ጥብቀትና የሞተር ዘይቱ ደረጃ እንደገና ይታያል።

የፖምፓን ዕድሜ የሚወስነው ከሁሉ በላይ ናፍጣው ነው። ውኃ ያለበት፣ በክፍት በርሜል የቆየ ወይም ላምባ (ነጭ ጋዝ) የተቀላቀለበት ናፍጣ የማለስለስ ኃይሉ ስለሚቀንስ አዲስ ፖምፓንም በአጭር ጊዜ ያበላሻል። ውኃ መለያውን በየዕለቱ ማየትና ነዳጅን ከታወቀ ማደያ መቅዳት ከሁሉም ርካሽ የጥገና ዘዴ ነው።

በመንገድ ላይ ሲቋረጥ

ሞተር በዳገት ወይም በቁልቁለት ላይ ሲጠፋ የሚጠፋው ጉልበት ብቻ አይደለም። የመሪው አጋዥ ኃይል ይቋረጣል፤ የፍሬን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም ይቆማል። በጋኖቹ የቀረው አየር የተወሰነ ስለሆነ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ ያሟጥጠዋል። ስለዚህ አሽከርካሪው ማነቅ እንደ ተሰማው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ አመቺ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ታኮ ማድረግና ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኖችን ከፊትና ከኋላ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። የቆመን ተሽከርካሪ በጋቢና ላይ በታሰረ ጀሪካን ናፍጣ እያወረዱ ማስኬድ በግጭት ወይም በቱቦ መውለቅ ጊዜ እሳት የሚያስነሣ በመሆኑ መወገድ ያለበት አሠራር ነው።

የገዢው መብትና ግዴታ

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ነጋዴውም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የፖምፓ ደረሰኝ የክፍል ቁጥሩን፣ የአምራቹን ስምና ዋስትና ካለው ዘመኑን እንዲይዝ ማድረግ ለገዢው ይጠቅመዋል። ጉድለት ቢገኝ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ዋናው ማስረጃ ይህ ነውና። ከጋራዡም የተሠራውን ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀብሎ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ዋስትናው እስኪያበቃ ማቆየት ተገቢ ነው።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታይ ሲሆን፣ በቀሩት ቀናት የተሽከርካሪው ደኅንነት የሚወሰነው በባለንብረቱ፣ በአሽከርካሪውና በጥገና ባለሙያው ዕለታዊ ጥንቃቄ ነው። በትክክል የተመረጠና በንጽሕና የተገጠመ ፖምፓ ጭነቱን በጊዜው፣ አሽከርካሪውንና ረዳቱንም በሰላም ያደርሳል።